መድረስ የመንገዱ ግማሽ ነው
(ስለ ተራራና ስለ ቆላ ጉዞ ዕውቀት፣ ሙያና ምግባር በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ተራራ ጉዞ ነው። ይህን ስል ከእናንተ መካከል «ተራራና እኔን ምን አገናኘን? እኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ደብዳቤ የማረቅቅ ሰው ነኝ» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኛ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ከተማ አይኖርም። አንዱ ወደ ነገሌ ቦረና ይዛወራል፤ ሌላው ለክትባት፣ ለሒሳብ ምርመራ ወይም ለመንገድ ሥራ ወደ ያቤሎ፣ ወደ ሜጋ፣ ወደ ሞያሌ ወይም ወደ ፊልቱ ይላካል። ሥራውን ጨርሶ የአንድ ቀን ዕረፍት ሲያገኝም «እስከዚህ ከመጣሁ አይቀር፣ የሚወራለትን ቦታ አይቼ ልመለስ» ማለቱ አይቀርም። ማየቱ መልካም ነው፤ አገሩን የማያውቅ ሰው አገሩን እንዴት ያገለግላል? ዳሩ ግን አደጋ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚያች በአንዲቷ የዕረፍት ቀን ነው።

ምናልባትም ሌላ ጥያቄ ይነሣ ይሆናል፤ «ነገሌና ቦረና ቆላ ነው፤ በቆላ አገር ስለ ተራራ ምን ይወራል?» የሚል። ለዚህ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ከነገሌ ተነሥቶ ገናሌን ተሻግሮ በደሎ መና በኩል የሚጓዝ ሰው በመኪና ከቆላው ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ወደሚለው ወደ ሰነቴ አምባ ይወጣል። ሁለተኛ፣ በቦረና ምድር ተገልብጦ የተሠራ የሚመስል ተራራ አለ። ከዚህ ከሁለተኛው ልጀምር።

ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ዱብሉቅ የምትባል ከተማ አለች። ከዚያው አካባቢ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ኤል ሶድ ይገኛል። ስሙ በአገሩ ቋንቋ የጨው ጉድጓድ ማለት ሲሆን፣ አማርኛ ተናጋሪው ጨው ቤት ይለዋል። መንደሩ የተቆረቆረው በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ከፈነዳበት ታላቅ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው። ከአፋፉ እስከ ታች ስድስት መቶ ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ከሥሩም ቀለም የመሰለ ጥቁር ሐይቅ ተኝቶ ይታያል። የአገሩ ሰዎች ወደ ሐይቁ ገብተው ከወለሉ ጥቁሩን ጭቃና ጨው ያወጣሉ፤ ውኃው እንዳይጎዳቸውም አፍንጫቸውንና ጆሮአቸውን ይወትፋሉ። የወጣውን ጨው አህዮች ተሸክመው በጠመዝማዛው መንገድ ወደ አፋፉ ያደርሱታል። ከዚያ ጨው ከብቱም ሰውም ይጠቀማል።

እንግዲህ ተራራ የሚወጣ ሰው ድካሙን የሚጀምረው በጠዋት፣ ጉልበቱ ሙሉ ሳለ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ሲደክመው መንገዱ ቁልቁለት ይሆንለታል። ወደ ጨው ቤት የሚወርድ ሰው ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጥበታል። መጀመሪያ ቁልቁለቱ «ና፣ ና» ብሎ ይጠራዋል፤ ጉልበቱ ካለቀ፣ ውኃው ካለቀ፣ ፀሐይም አናት ላይ ከቆመች በኋላ አቀበቱ ይጠብቀዋል።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ለሥራ ወደዚያ አገር ሄጄ ነበር። ከመንደሩ ሰዎች አንድ አዛውንት መንገድ መሪ ሆነው ቀረቡልን። ዋጋቸውን ሲነግሩን እኛ በርበሬ እንደሚሸምት ሰው ተከራከርናቸውና አስቀነስናቸው። ቀጥለውም፣ ሾፌራችን እንደ ተረጐመልን፣ «አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ዛሬ እዚሁ እደሩና ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንውረድ» አሉን። እኛ ግን ከሰዓት በኋላ መንገድ ነበረብንና «ቶሎ እንመለሳለን» ብለን አንዳንድ ጠርሙስ ውኃ ይዘን ወረድን። አዛውንቱም ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ከፊታችን ሆነው መሩን።

ሐይቁን አየን፤ ተደነቅን፤ ስዕልም አነሣን። ልክ በስድስት ሰዓት አቀበቱን ስንጀምር የባልደረባዬ ጠርሙስ ባዶ ነበር። ሲሶውን እንኳ ሳንወጣ ራሱን አመመው፤ ኋላም አስመለሰው፤ በመጨረሻም «መኪናው የታለ? ለምን አይነሣም?» እያለ የማይያያዝ ነገር ይናገር ጀመር። አዛውንቱ ወዲያው ከአንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር አስቀመጡት፤ ልብሱን አላሉለት፤ የራሳቸውን ውኃ ነጠላቸው ላይ አፍስሰው አንገቱንና ደረቱን እያራሱ ያራግቡለት ጀመር። አንድ ጨው የጫነ ወጣት ከኋላችን ሲደርስ ጠርተው አንድ ነገር ነገሩት። ወጣቱም አንዲት ቃል ሳይመልስ የአህያውን ጭነት ከመንገዱ ዳር አራገፈና ባልደረባዬን በአህያው ላይ ደግፈን አወጣነው።

አመሻሽ ላይ ባልደረባዬ በመንደሩ ጥላ ሥር አረፈና ልቡ ተመለሰለት። ሐፍረት ይዞት ከኪሱ ብዙ ብር አውጥቶ ለአዛውንቱ ዘረጋላቸው። እርሳቸው ቆጥረው መጀመሪያ የጠየቁትን ያህል ብቻ ወሰዱና ትርፉን መለሱለት። እንዲህም አሉን፤ «ልጆቼ፤ ይህን ገደል አያቴም ወርደውታል፤ አባቴም ወርደውታል። ወረዱ ብዬ ልነግራችሁ የቻልሁት ተመልሰው ስለ ወጡ ነው።»

አድማጮቼ፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ከዚህ ከአዛውንቱ ቃል የወጣ ነው። መድረስ የመንገዱ ግማሽ ነው። የጉዞ ዕውቀት የሚባለውም በመጀመሪያ የመመለስ ዕውቀት ነው።

አሁን በባልደረባዬ ላይ የደረሰውን ነገር ምክንያቱን ልግለጽ። የሰው ገላ ሙቀቱን የሚያበርደው በላብ ነው። ላብ ሲወጣ ውኃም ጨውም አብረው ይወጣሉ። ሰው በፀሐይ አቀበት ሲወጣ ላቡ ይበዛል፤ የወጣውን ካልተካ ደሙ ይቀንሳል፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይከተላል። በዚህ ጊዜ ጥላ ሥር አርፎ ውኃና ጥቂት ጨው ቢወስድ፣ ወይም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ዱቄት በጥብጦ ቢጠጣ ይድናል። ነገር ግን ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ እግሩም ከተወላገደ፣ ሙቀቱ ወደ አንጎሉ ደርሷልና ነገሩ የሞት የሽረት ነው። ያን ጊዜ ፈጥኖ ማቀዝቀዝ፣ ልብስ ማላላት፣ ገላን በውኃ እያራሱ ማራገብ፣ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ልቡ ያልተረጋጋ ሰው አፍ ውስጥ ውኃ ማፍሰስ ግን ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል አይገባም። አዛውንቱ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያደረጉት ሐኪም የሚያዝዘውን ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ደንብ ቀላል ነው። ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ከያዘው ውኃ የሚበልጠውን እጅ ለመውጫው ያስቀምጥ፤ ጎሕ ሲቀድ ይነሣ፤ ፀሐይ ሳትበረታ አፋፍ ላይ ይገኝ። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለወጥ ቤት ብቻ አይደለም።

ወደ ሌላው ጉዞ፣ ወደ እውነተኛው ተራራ ልለፍ። ነገሌ የምትገኘው 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በደሎ መና፣ ቀጥሎም በሐረና ጫካ ውስጥ የሚወጣ ሰው መጨረሻው ሰነቴ ነው። በዚያ ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአሥር ስድስት እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን እጅግ ይቀንሳል። ገላችን ይህን ይለምዳል፤ ግን ቀን ይፈልጋል። መኪና ደግሞ ቀን አይሰጥም።

ስለዚህ ከቆላ በአንድ ቀን ወደዚያ የወጣ ሰው ራሱን ቢያመው፣ ቢያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍም ቢነሣው የከፍታ ሕመም ይዞት ይሆናል እንጂ «ብርድ መታኝ» ብቻ ብሎ አይለፈው። ተራራ የሚያውቁ ሰዎች የሚከተሉት ደንብ አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ የመኝታ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አያሳድጉም፤ በየሦስትና በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ያርፋሉ። ሕመም የተሰማው ሰው ሳይሻለው ወደ ላይ አይጨምርም፤ ከባሰበት ይወርዳል። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ሰው ካለ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ መውረድ አለበት። በደሎ መና በኩል ለሚመጣ መንገደኛ በጫካው ውስጥ ሪራ የሚባል መንደር አለ፤ በዚያ አካባቢ አድሮ በማግሥቱ ወደ ላይ መውጣት በአንድ ቀን ከመሮጥ ይሻላል። በሰነቴ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳልና ከቆላ ለብሶት የመጣው ስስ ሸሚዝ እንደማይበቃውም ይወቅ። የረጠበ የጥጥ ልብስ ሙቀት ስለማይዝ የሱፍ ልብስና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ይያዝ።

ይህን ሁሉ አንድ መንገደኛ በአንድ ሌሊት አጥንቶ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ነው የመሪነት ሙያ የተፈጠረው። የሙያውን ክብር ለማሳየት ከባሕር ማዶ አንድ ታሪክ ልጥቀስ፤ ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በፈረንሳይ አገር ሞን ብላን በሚባለው ታላቅ ተራራ ግርጌ ሻሞኒ የምትባል መንደር አለች። በ1820 ጆሴፍ ሐመል የሚባል የሩሲያን መንግሥት ያገለግል የነበረ ሊቅ ከመንደሩ መሪዎችን ይዞ ወጣ። አየሩ ተበላሽቶ ስለ ነበር መሪዎቹ ለመቀጠል ፈሩ፤ ጉዞው ግን ቀጠለ። በመንገድም የበረዶ ናዳ ወርዶ ሦስት መሪዎችን ወደ በረዶው ስንጥቅ ጨመራቸው። ጌታው በሕይወት ተመለሰ፤ እነርሱ ግን በዚያው ቀሩ። ቅሪታቸውን የበረዶው ግግር ከ41 ዓመት በኋላ፣ በ1861፣ ከግርጌው ገፍቶ ማውጣት ጀመረ። ከአደጋው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1821፣ የሻሞኒ መሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ለተጎጂ ቤተ ሰብ መርጃ የሚሆን ገንዘብ አጠራቀሙ፤ ሥራውም ለሁሉ እንዲዳረስ በተራ እንዲሆን ደነገጉ። ማኅበሩ ዛሬም አለ።

በሒማላያም ቴንዚንግ ኖርጌይ በ1953 ከኤድመንድ ሒለሪ ጋር ኤቨረስት ጫፍ ከደረሰ በኋላ፣ በሚከተለው ዓመት በህንድ ዳርጂሊንግ የተራራ መውጣት ትምህርት ቤት ሲከፈት የመስክ ሥልጠና ኃላፊ ሆነ። ሸክም ተሸካሚ የነበረው ሰው መምህር ሆነ ማለት ነው። ሆኖም ሙያው ዛሬም ዋጋ ያስከፍላል፤ በ2014 በዚያው በኤቨረስት የወረደ ናዳ ለሌሎች መንገድ ሲያዘጋጁ የነበሩ 16 የኔፓል ሠራተኞችን ገድሏል።

በአገራችንም ሙያው እያደገ ነው። በስሜን ተራሮች በር በደባርቅ፣ በባሌ ተራሮች ፓርክ መቀመጫ በዲንሾ፣ መሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ይሠራሉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ገባ የሚመጣው እንግዳ ሊበዛ ይችላል። ሥራው ደግሞ የመሪው ብቻ አይደለም። ባለ በቅሎው፣ ወጥ ሠሪው፣ የፓርክ ጠባቂው፣ አስተርጓሚው፣ የመጀመሪያ ርዳታ የሚሰጠው ሁሉ ከዚህ እንጀራ ይበላል። በነገሌና በያቤሎ ደግሞ ወፎችን ማወቅ ራሱ ሙያ ሆኗል። በነገሌ አጠገብ ባለው በሊበን ሜዳ ሣር ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ በዓለም እጅግ ብርቅ ከሆኑት አንዷ ናት፤ እርስዋን ለማየት ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል።

ስለ ወፍ ካነሣሁ ስለ ማስታወሻ ደብተር አንድ ነገር ልጨምር። ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የሚባል የኢጣልያ መስፍን በዚህ በደቡብ አገር ሲዞር ቱራኮ ከሚባሉት ወገን አንድ ያልታወቀ ወፍ ሰብስቦ ነበር። ነገር ግን በ1886 ዓ.ም. ዝሆን ገደለው። ወፉ በስሙ ተጠራ፤ የት እንደ ተገኘ ግን ጽፎ ስላልተወ ሊቃውንቱ ለብዙ ዘመን አገሩን ሳያውቁ ቀሩ። ዛሬ በአሬሮና በነገሌ አካባቢ የሚታየው ያ ወፍ ነው። ያየውን በዚያው ዕለት የማይጽፍ መንገደኛ ያየውን ግማሹን ይዞ ይቀበራል።

በመጨረሻ ስለ ምግባር ልናገር። በቦረና እጅግ ጥልቅ የሆኑ የውኃ ጉድጓዶች አሉ፤ ዋነኞቹ ቱላ የሚባሉት ዘጠኙ ናቸው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በደረጃ ተሰልፈው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ። ጉድጓዱን በኃላፊነት የሚይዘው አባ ኮንፊ ይባላል፤ የዕለቱን የውኃ ተራ የሚያስከብረው ደግሞ አባ ሔሬጋ ይባላል። የሻሞኒ ሰዎች ሦስት መሪዎች ከሞቱባቸው በኋላ የደነገጉትን የተራ ሕግ ቦረናዎች በውኃቸው ላይ ከጥንት ጀምሮ ይዘውታል። እንግዲህ መንገደኛ በመኪና ደርሶ «ጄሪካኔን ሙሉልኝ» ቢል ወይም የሥራውን ዜማ አስቁሞ ስዕል ላንሣ ቢል የተራውን ሕግ አፍርሷል። ፈቃድ ይጠይቅ፤ ተራውን ይጠብቅ። የሚጠጣውን ውኃ ከከተማ ይዞ ቢመጣ ደግሞ ይበልጥ ይከበራል።

በሰነቴም እንዲሁ ነው። አስታው እሳት በቀላሉ ስለሚይዝ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት ማንደድ ሰፊ ምድር ያቃጥላል። በዓለም ላይ ከቀሩት አምስት መቶ ያህል ቀይ ቀበሮዎች ከእኩሌታ የሚበልጡት በባሌ ስለሚኖሩና የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚፈጃቸው ውሻ ይዞ መግባት ነውር ነው። በሊበን ሜዳም ያች ትንሽ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው በሣሩ ውስጥ መሬት ላይ ስለሆነ መኪናን ከመንገድ አውጥቶ በሣሩ ላይ መንዳት አይገባም።

ክቡራን አድማጮች፤ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። በቢሮአችን አለቆች ብንሆን በገደሉ አፋፍ ላይ አለቃው መንገዱን የሚያውቀው ነው። መሪው «እንመለስ» ሲል መመለስ ውርደት አይደለም፤ ዋጋውን ያለ ክርክር መክፈልም ቸርነት አይደለም፤ ዕዳ ነው።

ስለ ዕዳ ከተነሣ ንግግሬን በራሴ ዕዳ ልዝጋ። ለአዛውንቱ ዋጋቸውን ከፈልን። ከመንገድ ዳር ጨውን አራግፎ ባልደረባዬን በአህያው ያወጣውን ወጣት ግን በድንጋጤያችን ረሳነው። ከዚያ ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያወጣው የአንድ ቀን ድካም በመንገድ ዳር ቀረ፤ እኛ መኪናችንን አስነሥተን ሄድን። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁም። ወደ ጨው ቤት የምትሄዱ ካላችሁ በጠዋት ውረዱ፤ ውኃችሁን መጥኑ፤ ስትወጡም አህያ የሚነዳ ሰው ባገኛችሁ ጊዜ መንገዱን ልቀቁለት። እኔም ወደዚያ አገር ዳግመኛ የተላክሁ ዕለት ፊተኛው ሥራዬ ያን ወጣት ፈልጎ ዕዳዬን መክፈል ይሆናል።